ሃድፊልድን የት ላስቀምጠው?

የሕግ ተማሪ ነኝ። የአእምሮ ሕመም በወንጀል ክስ መከላከያ ሆኖ እንዴት በእንግሊዝ እንደጀመረ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ መሃል ላይ ተገትሬያለሁ።

እጄ ላይ ሦስት ጉዳዮች አሉ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1724 አርኖልድ ሎርድ ኦንስሎውን በጥይት መታ። ዳኛው ነጻ የሚወጣው ማስተዋሉ ከሕፃን ወይም ከአውሬ የማይሻል ሰው ነው አሉ። ተፈረደበት። በ1843 ማክናተን የጠቅላይ ሚኒስትር ፒልን ጸሐፊ ገደለ። ጁሪው (ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ ተራ ዜጎች) በነጻ ለቀቀው፣ አገር ተቆጣ። የጌቶች ምክር ቤት ዳኞችን ጠየቀና ደንቡ ወጣ፦ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ወይም ድርጊቱ ጥፋት መሆኑን ያላወቀ አይቀጣም።

እነዚህ ሁለቱ ይገጥማሉ። የሚመዝኑት ማወቅን ነው። ያስቸገረኝ የ1800ው ሃድፊልድ ነው። ጦር ሜዳ ጭንቅላቱን የቆሰለ ወታደር ነበር። ቴአትር ቤት ውስጥ በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ላይ ተኮሰ፤ ሳተው። ድርጊቱ ሞት እንደሚያስፈርድ አሳምሮ ያውቃል። የፈለገውም ያንኑ ነው፤ እሱ ሲሞት ዓለም የሚድን መስሎታል! ጠበቃው ኤርስኪን ዋናው ነገር ይህ ዴሉዥን (ከሕመም የመጣ ጽኑ የሐሰት እምነት) ነው ብሎ ተከራከረ፣ ረታም።

መጀመሪያ «ልዩ ጉዳይ» ብዬ አለፍኩት። ግን በዚያው ዓመት ፓርላማው እንዲህ ያሉ ሰዎች ነጻ ቢባሉም እንዲያዙ ሕግ አወጣ፤ ስለዚህ ተራ ነገር አይደለም። ቀጥሎ «የእድገት እርምጃ» አልኩት። ያኔ ደግሞ 1843 ወደ ኋላ መመለስ ሆነብኝ።

የ1843ቱ ደንብ የሃድፊልድን መንገድ ዘግቷል ወይስ «ጥፋት መሆኑን ያላወቀ» የሚለው ሐረግ እሱንም ያቅፋል?