የአያቴን የአንገት ንቅሳት ክንዴ ላይ ታቱ ልሰራ ነው፣ ቀድሜ ምን ልወቅ?

የእማማ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁም እህት ወንድሞቼ። 23 አመቴ ነው። አያቴ (እማማ ነበር የምላት፣ እሷ ናት ያሳደገችኝ) ባለፈው አመት ሚያዝያ ላይ አረፈችብኝ። የጎጃም ሰው ናት፣ አንገቷ ላይ ሶስት ረድፍ ንቅሳት ነበራት፣ ከጆሮዋ ስር ተነስቶ እንደ ድሪ የሚዞር፣ ልጅ እያለሁ እቅፏ ውስጥ ሆኜ በጣቴ እየተከተልኩት ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። አሁን ያንኑ ንድፍ ክንዴ ላይ፣ ከእጅ አንጓዬ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ልነቀሰው ፈልጌያለሁ። ለኔ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። እናቴ ግን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፣ "እሷ ራሷ ስትሸፍነው የኖረችውን" አለችኝና ዝም አለች፣ ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። ጓደኛዬ የተሰራችበት ቤት ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሰአት አይፈጅም ብላኝ ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል። እስኪ የተሰራችሁ ሰዎች፣ የተጸጸታችሁም ያልተጸጸታችሁም፣ ያኔ ባወቅኩ ኖሮ የምትሉትን ንገሩኝ። ስራም እየፈለግኩ ነው፣ እሱንም አስቡልኝ።

ሲስተር፦

እህቴ በመጀመሪያ የአያትሽን ነፍስ ይማር። ነርስ ነኝ፣ እና ከልቤ የምልሽ ቅዳሜን ሰርዢው። ይቅርብሽ ማለቴ አይደለም፣ ለቅዳሜ አትደርሺም ነው የምልሽ። ለምን መሰለሽ፣ የታቱ መርፌ የላይኛውን ቆዳ አልፎ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው የሚገባው፣ እዛ ጋ ደግሞ ደም አለ፣ ስለዚህ ካንቺ በፊት የተሰራው ሰው ደም መርፌው ላይ ወይ ቀለሙ ውስጥ ከቀረ በቀጥታ ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ሁሉም ኤች አይ ቪን ነው የሚፈራው፣ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራልሽ ሄፓታይተስ ቢን ነው (ጉበት የሚያጠቃው ቫይረስ)፣ ያ ቫይረስ ደም ደርቆ እንኳን ከሰውነት ውጪ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ክትባት አለው። እኛ ሀገር ለህጻናት መሰጠት የጀመረው ግን በፈረንጆቹ 2007 ነው፣ አንቺ ከዛ በፊት ስለተወለድሽ በህጻንነትሽ ያላገኘሽው ይመስለኛል። መጀመሪያ ደምሽን ትመረመሪያለሽ፣ ነጻ ከሆንሽ ሶስት ጊዜ ትወጊያለሽ፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሶስተኛው ከመጀመሪያው በስድስት ወሩ። ታቱ ባትሰሪም ብትከተቢ ይጠቅምሻል። ለሄፓታይተስ ሲ ግን ክትባት የለውም፣ እሱን የሚከላከልልሽ የቤቱ ንጽህና ብቻ ነው።

ቤቱ ስትሄጂ ቁጭ ብለሽ እጁን እይው። መርፌው ከታሸገበት ፊትሽ ነው የሚከፈተው? ፓኬቱ ላይ ቀኑ አላለፈም? ቀለሙን ከትልቁ ጠርሙስ ቀጥታ ነው የሚነክረው ወይስ ጣት በምታክል ኩባያ ላንቺ ብቻ ይቀዳል? (የተረፈው መደፋት አለበት፣ ወደ ጠርሙሱ ከመለሰው ያ ጠርሙስ አለቀለት።) ጓንት አድርጎ ስልክ አንስቶ ተመልሶ በዛው ጓንት ከነካሽ ተነሺና ውጪ። የሚደጋገም እቃ ካለው በእንፋሎት የሚቀቅል ማሽን፣ አውቶክሌቭ የሚባለው ሊኖረው ይገባል፣ በአልኮል ጠርጌዋለሁ የሚል መልስ በቂ አይደለም። ይሄን ስትጠይቂው ከተቆጣ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

ሌላው፣ ክንድሽ ላይ ያለውን የህጻንነት ክትባት ጠባሳ በጣትሽ ዳሺው እስኪ። ጠፍጣፋ ነው ወይስ አብጦ የቀረ? ጆሮሽን ስትበሺስ ቁስሉ እንደ ድቡልቡል ሆኖ አድጎ ያውቃል? ወይ እናትሽ ላይ፣ ወንድምሽ ላይ? ኬሎይድ ይባላል፣ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል፣ እና እንዲህ አይነት ቆዳ ካለሽ የአያትሽ ንድፍ በመስመር ፈንታ እብጠት ሆኖ ይቀራል። ስኳር ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ደም የሚያቀጥን መድሀኒት ከወሰድሽ መጀመሪያ ሀኪም አማክሪ። ከተሰራሽ በኋላ ደግሞ ቅቤ፣ ፌጦ፣ ምናምን እንዳትቀቢበት፣ በንጹህ ውሀና ለስለስ ባለ ሳሙና ታጥቢዋለሽ፣ ቅርፊቱን አትላጪውም፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ዋናም ሆነ ጸበል ውስጥ መነከር ይቆይ። ቀይ ሆኖ እየተስፋፋ ከሄደ ወይ ትኩሳት ከመጣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

አቤል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሲስተር ሁሉንም ብላዋለች፣ እኔ ስለ ንድፉ ብቻ ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ፊደላችንን የማያውቅ ልጅ ጋ ሄጄ የእናቴን ስም ፀሐይ ብዬ አስነቀስኩ፣ ከስልኬ ነው የገለበጠው። መርፌው ከመጀመሩ በፊት ጽሁፉ ያለበትን ወረቀት ቆዳዬ ላይ ሲያትምልኝ ተኝቼ ነበር ቀና ብዬ አላየሁትም፣ ጥሩ ነው አልኩት። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም የፀ መሀሏ ላይ ያለችው መስመር የለችም፣ ዐሐይ ሆኗል። እናቴ ደግሞ ቪዲዮ ላይ ሳሳያት አንብባ "ጎበዝ" አለችኝ እንዳልከፋ ብላ። መስመሯን ሌላ ሰው ጋ ሄጄ አስጨመርኳት፣ ከዛ ስድስት አመት ሆነው፣ አሁን ደግሞ ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሰፋ የሐ ሶስት እግሮች ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። ስለዚህ ያንቺ ንድፍ ነጠብጣብ ካለው በጣም አታቀራርቢው፣ በጣምም አታሳንሺው፣ ዛሬ የሚያምረው ስስ ነገር ከአስር አመት በኋላ ጥቁር ሰረዝ ነው የሚሆነው። ወረቀቱ ሲታተምብሽ ቁሚ፣ በመስታወት እዪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ለቤተሰብ ልከሽ አስነብቢ፣ አስር ደቂቃ ብታስጠብቂው ምንም አይልም።

ሀያት፦

ስለ ስራ ስለጠየቅሽ፣ የበረራ አስተናጋጅ ወይ ሆቴል የምታስቢ ከሆነ ልብ በይ፣ ዩኒፎርሙ አጭር እጅጌ ነው፣ ብዙዎቹ የሚታይ ታቱ አይቀበሉም። የክንድሽን ነገር እንደገና አስቢበት፣ ከክርን በላይ ቢሆን ይሻላል። ሌላው፣ አረብ ሀገር የመሄድ ሀሳብ ካለሽ ሜዲካል ላይ ከኤች አይ ቪና ከቲቢ ሌላ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ያያሉ። አብራኝ ፕሮሰስ የጀመረች ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሰፈር ውስጥ ቅንድቧን ተነቅሳ ነበር፣ አራት ሆነው ባንድ ቀን፣ ከወራት በኋላ ሜዲካል ወደቀች፣ ሄፓታይተስ ሲ። ከዛ ይምጣ ከሌላ ማንም ሊነግራት አልቻለም። አሁን በኪኒን የሚድን በሽታ ነው፣ እሷም ድናለች አልሀምዱሊላህ፣ ግን ለጉዞው የተበደሩት ብርና ያለቀሰችው ለቅሶ አይረሳኝም።

ዘኪዳነ ምህረት፦

ዘሌዋውያን 19፥28 ገላችሁን አትንቀሱ ይላል፣ እሱን ሳታነቢ አትሂጂ። በሌላ በኩል እናቶቻችን ግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው ቤተክርስቲያን ሲሳለሙ ነው የኖሩት። የንስሀ አባትሽን ጠይቂ፣ እኛ እዚህ ተከራክረን የምንጨርሰው አይደለም።

ከነታንያ፦

እህቴ እናትሽ ያለችው ነገር እኔን ነካኝ። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፣ እናቴ ጎንደር ገጠር እያለች እንደ ጎረቤቶቿ ልጆች ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች፣ በስምንት አመቷ፣ ሁለት ሴቶች ጭንቅላቷን ይዘው፣ የምጣድ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ በመርፌ። ፈልጋ አይደለም። እስራኤል ስትመጣ አይሁድ ሆና ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አስቢው፣ አውቶቡስ ላይ ሁሉ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነበር የምትቀመጠው። በኋላ በሌዘር ለማስጠፋት ሄድን። እዛ የነገሩን፣ ለጥቁር ቆዳ 1064 ናኖ ሜትር የሚባለው ጨረር ነው የሚሻለው፣ ሌላው የቆዳውን የራሱን ቀለም ያቃጥላል፣ ጥቁር ቀለም ከሁሉ ቀሎ ይለቃል፣ አረንጓዴና ቢጫ ግን ያስቸግራል። ሰባት ጊዜ ተመላለስን፣ በየሁለት ወሩ። ጥቁሩ ጠፋ፣ ቦታው ግን ነጣ ብሎ ቀረ፣ መስቀሉ አሁን በነጭ ይታያል። እንደማይሆን ካየሁት አስጠፋዋለሁ ብለሽ እንዳትገቢበት። አያትሽ ለምን እንደሸፈነችው ግን እናትሽን ቁጭ ብለሽ ጠይቂያት፣ ክንድሽ ላይ የምትሸከሚው ታሪክ የትኛው እንደሆነ ብታውቂው ጥሩ ነው።

የእማማ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ አልሄድኩም። ትናንት ማታ እናቴን ቡና አፍልቼ ጠየቅኳት። እማማ የተነቀሰችው ልትዳር ሰሞን ነው፣ በአስራ ሁለት አመቷ፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች ተሰልፈው በአንዲት መርፌ፣ አንገቷ አብጦ ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጠችም። አዲስ አበባ ስትመጣ የቤት ሰራተኛ ሆና የገባችበት ቤት ልጆች "ገጠሬ" እያሉ ስለሳቁባት ነው ነጠላዋን አንገቷ ላይ መጠምጠም የጀመረችው። እኔ ብቻ ነኝ አሉ አንገቷን ስነካው ዝም የምትለኝ። እናቴ ይሄን ስትነግረኝ እኔም እሷም አለቀስን፣ ከዛ "በሷ መርፌ እንዳልሆነ ካረጋገጥሽልኝ አልከለክልሽም" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ተመረመርኩ፣ ነጻ ነኝ፣ የመጀመሪያውን ክትባት ተወግቻለሁ። የክትባት ጠባሳዬንም ዳሰስኩት ጠፍጣፋ ነው ሲስተር። ሀያት ባልሽው መሰረት ከክርን በላይ እንዲሆን ወስኛለሁ። ሶስተኛው መርፌ ስድስት ወር ነው፣ እስከዛ ንድፉን ደብተር ላይ እየሳልኩ ነው፣ ያለኝ አንድ ፎቶ ላይ የታችኛው ረድፍ በነጠላዋ ተሸፍኗል፣ ነጠብጣቡ ስንት እንደሆነ አይቆጠርም። ታናሽ እህቷ ደብረ ማርቆስ አለች፣ ባንድ ቀን ነው አሉ የተነቀሱት። ለፋሲካ እሷ ጋ ልሄድ ነው።