ጥቆማ፦ ለጎልፍ አይረን (የብረት ዱላ) የሚሆን ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ትንሽ ችካል) ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ማን ጋር ይሠራል? ለአይረን መትከሉስ ልክ ነው?

ቦርከና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። አንደኛ፣ ፓር 3 (በሦስት ምት የሚያልቀው አጭር ጉድጓድ) ላይ በ7 ወይም በ9 አይረን ስንመታ ቲ እንትከል ወይስ ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀምጠን እንምታት? ከመሃላችን ግማሹ "ቲ የድራይቨር (የረጅም ርቀት ዱላ) ነው፣ በአይረን ነውር ነው" ባይ ነው። ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ የምናስመጣው ቲ ኮምቦልቻ መሬት ላይ አንድ ቀን አይውልም፣ ይሰበራል። እዚሁ አካባቢ የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ወይም አናጢ ጠቁሙኝ። ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር፣ ወገቡ 5 ሚሊ፣ ኳስ የሚቀመጥበት አናቱ 11 ሚሊ ገደማ ይሁን።

ጦሳ ስር፦
ምንም ነውር የለውም፣ ትከሉ። ኳስን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የሚፈቀደው መነሻው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ይህን ዕድል አታገኙትም። ጥቅሙ የሚገባችሁ የአይረኑን ፊት ስታዩ ነው። እነዚያ ቦዮች ኳሷን ነክሰው ወደ ኋላ የሚያሽከረክሯት በመሃል ምንም ካልገባ ነው። ጤዛ ያለበት ሰርዶ ላይ ስትመቱ ግን ሣርና ውሃ መሃል ይገባል፣ ሽክርክሪቱ ይቀንሳል፣ ኳሷ ካሰባችሁት አልፋ ትሄዳለች፤ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ብታርፍም አትቆምም። ፓር 3 ላይ የምትፈልጉት ደግሞ እንድትቆም ነው።
ከፍታው ላይ ተጠንቀቁ። ለ8፣ ለ9 እና ለዌጅ (ለአጭር ምት የሚሆነው ዱላ) የቲው አናት ከሣሩ ጋር እኩል ይሁን። ከ5 እስከ 7 ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ለ3 እና ለ4 ቢበዛ አንድ ሴንቲ። አይረን ኳሷን የሚያገኛት ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ፣ ከፍ ካደረጋችኋት የፊቱ ላይኛው ክፍል ይመታታል፤ ድምፁ ይደፈናል፣ ርቀቱም ይጎድላል።

ሮቢት፦
ቶርኖ ከፈለግህ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያሉት አባት ጋር ሂድ። ሌላ ቦታ አትድከም።

ገራዶ፦
ከማዘዝህ በፊት ይህን ስማ። ደሴ አንድ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ 100 ቲ ታዝዞ ነበር። የቆረጡት እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ሲረከቡት ቀጥ ያለ ነው፤ በሁለት ሳምንቱ ሲደርቅ እንደ በግ ቀንድ ጎበጠ። ያልጎበጠው አናቱ መሃሉን ስቶ ስለተቦረቦረ ኳስ አይዝም። ወገቡን "እንዳይሰበር" ብለው 7 ሚሊ አደረጉት፤ ደረቅ መሬት አልቀበለው አለ፤ በመዶሻ ሲመታ አናቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ገንዘቡ ይመለስ ሲባል መልሱ "እንጨት እንጨት ነው" ሆነ። ሙሉውን ክፍያ አስቀድመህ እንዳትሰጥ።

ሆጤ፦
ለቲ ባሕር ዛፍ ማን መረጠ? ሲደርቅ በመጠማዘዝ የታወቀ እንጨት ነው።

ገራዶ፦
መራጩ ሠሪው ነው። የታዘዘው "ደረቅና ጠንካራ" ተብሎ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
የወሎ ባለሙያ እንዲህ ሲሠራ ያሳዝናል። ደረሰኝ ተቀብላችሁ ነበር?

ሮቢት፦
እኔ የጠቆምኳቸው አባት እንዲህ አይሠሩም። እሳቸው የቀረጹት የአልጋ እግር ከእኛ ዕድሜ በላይ ቆሟል።

ገራዶ፦
የአልጋ እግር በአይረን አይመታም፣ ወንድሜ። ቲ ሠርተው ያውቃሉ ወይ? አዎ ወይም አይደለም በል።

ሮቢት፦
እጃቸውን አውቀዋለሁ፣ ይበቃኛል።

የእንጨት ቶርኖ፦
አትጣሉ። ባሕር ዛፍም ቢሆን በወጉ ከተያዘ ይሠራል፤ ገራዶ የነገረን ጥፋት ሁሉ ከአሠራር የመጣ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ በመጋዝ አይሰነጠቅም፣ በመጥረቢያ ይፈለጣል። ፍልጥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ነው የሚሄደው። መጋዝ ግን ጅማቱን አቋርጦ ስለሚቆርጥ፣ 5 ሚሊ ወገብ ያለው ቲ በዚያች በተቆረጠችው ቦታ ይሰበራል። ፍልጡን 13 ሚሊ በ13 ሚሊ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ጫፉ ይሰነጠቃል። መድረቁን በዓይን አትለዩትም። አንድ እስር በሚዛን መዝኑ፣ ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ መዝኑ፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ከዚያ ነው ቶርኖ ላይ የሚወጣው። አናቱ ከቶርኖው ሳይነሳ፣ እዚያው እየዞረ ይቦርቦር። አውጥተው በእጅ በድሪል ከቦረቦሩት መሃሉን ይስታል፤ የእናንተ ኳስ የተንከባለለችው ለዚህ ነው። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ወገቡን አለስልሱ።
ለቶርኖ ቤት ስትሄዱ በቃል አትንገሩ፣ አንድ የፋብሪካ ቲ ይዛችሁ ሂዱ፣ በካሊፐር ይለካ። መጀመሪያ አምስት ብቻ አሠሩ፤ ሁለት ሳምንት አቆይታችሁ ቀጥ እንዳሉ ከሆነ ቀሪውን እዘዙ።

ሆጤ፦
የቆላ ቀርከሃስ? ውስጡ ድፍን ስለሆነ ይቀረጻል። የደጋው ባዶ ነው፣ ግድግዳው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

የእንጨት ቶርኖ፦
ይሆናል፣ ጥሩም ነው። አንጓው ግን ወገቡ ላይ እንዳይውል፤ አንጓ ካለበት ቶርኖው ይዘልላል።

በርበሬ ወንዝ፦
የኮምቦልቻውን ችግር ማንም አልመለሰለትም። መረሬ አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ድንጋይ ይሆናል። እዚያ ላይ ቲ በአውራ ጣት ከተጫንከው ወይራም ይሁን ብረት ልዩነት የለውም፣ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ካቻቢቴ ያዝ። ወፍራሙን ሳይሆን 4 ሚሊ የሆነውን፤ 3 ሴንቲ ሜትር አስገብተህ አውጣውና ቲውን በዚያው ቀዳዳ ስደደው። ጥብቅ ብሎ ይቆማል። የተሰበረውንም አትጣል። ድራይቨር የሰበረው ቲ አናቱ ደህና ከሆነ ለአይረን ከአዲሱ ይሻላል፤ ሦስት ሴንቲ የምታህል ጉማጅ፣ ጫፏን በቢላዋ ሞረድ አድርገህ ትጠቀምባታለህ።

ሸዋ በር፦
ለልምምድ ብቻ ከሆነ የሃይላንድ ክዳን በቂ ነው። ክፍቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መሬት ላይ አኑሩት፣ ኳሷ አፉ ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች። ነፋስ አይጥላትም፣ ጭቃ ላይም አይሰምጥም። የድሮው ረጅም ክዳን ለ5 አይረን፣ አዲሱ አጭሩ ለ7 ይሆናል። ሲመታ ክዳኑም አብሮ ስለሚበር ፊት ለፊት ሰው አይቁም።

አራዳ፦
እኔ ግን በቲ መለማመድን አልደግፍም። ቲ ጥፋትን ይሸፍናል። ከኳሷ ኋላ ሁለት ጣት ያህል መሬት ብትመታም፣ ኳሷ ከፍ ስላለች ደህና ትሄድልሃለች። ሁለተኛው ምት ላይ ቲ የለም፣ ያኔ አፈር ታፍሳለህ። ከ20 ኳስ አምስቱን በቲ፣ የቀረውን ከሣር ምታ። በረባሶ ሰሪዎች ጎማ ቆርጠው ምንጣፍ ይሠሩላችኋል፣ ግን እሱም ይዋሻል፤ ዱላው ጎማው ላይ ተንሸራቶ ኳሷን ያገኛታል።

ጦሳ ስር፦
ለልምምዱ ልክ ነህ አራዳ፣ ለጨዋታው ግን አይደለም። ጥፋቱን ለማየት ጠመኔ ፈጭታችሁ የአይረኑን ፊት ቀቡ። ኳሷ ያረፈችበት ክብ ምልክት መሃለኛ መስመሮች ላይ ከሆነ ቲው ልክ ነው፤ ከላይኛው መስመር አልፎ ከሆነ ቲውን አውርዱ። ከምቱ በኋላም መሬቱን ተመልከቱ፤ የተላጠው ሣር ቲው ከነበረበት ፊት ለፊት መሆን አለበት።

ቧንቧ ውሃ፦
ደሴ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ኳሷ ከኮምቦልቻ ይልቅ ትርቃለች። እዚህ በ8 የለመደ ሰው እዚያ ሲወርድ ያጥረዋል። ይህንንም ያዙልኝ።

ደንብ አዋቂ፦
ለውድድር የምትሄዱ ከሆነ፦ ቲ ከ101.6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። መነሻውን ከሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች መስመር ፊት መትከል አይቻልም፣ ወደ ኋላ ግን የሁለት ዱላ ርዝመት ያህል ቦታ አላችሁ። ከዚያ ውጭ ከመታችሁ በምት ቆጠራ ጨዋታ 2 ምት ቅጣት ነው፣ ተመልሳችሁም ትመታላችሁ። ሳትመቱ ኳሷ ከቲው ብትወድቅ ቅጣት የለም፣ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። "ነውር ነው" ለሚሉት ደግሞ፣ የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ጆርጅ ግራንት በ1899 እ.ኤ.አ. የእንጨት ቲ ፓተንት ከማውጣቱ በፊት ሰው እርጥብ አሸዋ ቆንጥሮ ክምር እየሠራ ነበር ኳሱን የሚያስቀምጠው፣ በየትኛውም ዱላ ለሚመታ የመነሻ ምት። መነሻው ላይ አሸዋ ዛሬም ይፈቀዳል። ቲ የተሰበረበት ሰው አንድ ጭብጥ አሸዋ ይያዝ።

ቦርከና ዳር፦
ጀዛኩሙላህ፣ እግዜር ይስጥልን። የአሸዋው ነገር ጥሩ ነው። የእንጨት ቶርኖ፣ አንተ ያለኸው ደሴ ነው ኮምቦልቻ? ሥራውን በሰዓት ነው ወይስ በፍሬ የምትዋዋለው?

ሮቢት፦
አባት ጋር ሂድ አልኩህ።

ገራዶ፦
አምስት አሠርተህ ሁለት ሳምንት ቆይ። ማንም ጋር ብትሄድ።

መናፈሻ፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ ለልጆች የገና ዱላ የሚሠራስ ታውቃላችሁ? ባለፈው የገዛነው ዱላ ሩር ሁለት ጊዜ እንደመታ ከቆልማማው ላይ ተሰበረ።

የእንጨት ቶርኖ፦
ከሰፊ ጣውላ ቆልማማ አድርገው በመጋዝ ቆርጠውላችሁ ነው፤ ጅማቱ መታጠፊያው ላይ ተቋርጧል። ዱላ ሲበቅል ጀምሮ የታጠፈ ቅርንጫፍ ይፈለግለታል እንጂ በመጋዝ አይታጠፍም። ወይራ ካገኛችሁ ቅርፊቱን ሳትልጡ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ከደረቀ በኋላ ላጡት።