የስቴንለስ ጠረጴዛዬና ገንዳዬ ለምን ዛጉ?

የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ አነስተኛ የዓሣ ምግብ ቤት አለኝ። ዓሣ የምንገፍፍበትን ጠረጴዛና የእቃ ማጠቢያውን ገንዳ በስቴንለስ ስቲል ያሠራሁት ባለፈው ክረምት ነው። አሁን የገንዳው ወለል ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ የጠረጴዛው እግር በተበየደበት ዙሪያ ደግሞ ቀይ ዝገት ይታያል። የዓሣ ሽታ በቀላሉ ስለማይለቅ ሠራተኞቼ ማታ ማታ በረኪና ያፈሱበትና በሽቦ ይፈገፍጉታል።

ሠሪው «ትክክለኛ ስቴንለስ ነው፤ ማግኔት አይስበውም» ብሎ አሳየኝ። እውነትም ገንዳውን አይስበውም፤ የታጠፈው ማዕዘን ላይ ግን ትንሽ ይያዛል። የግድግዳው መደርደሪያ ደግሞ ማግኔቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ እሱ ግን ምንም አልዛገም! የትኛው ነው ሐሰተኛው? ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

አላፊ አግዳሚ

ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው። መደርደሪያውን መልሺለት።

በያጁ

እህቴ፣ ከላይ የተጻፈውን ምክር አትቀበዪ። መደርደሪያሽን አትመልሺ። ማግኔት ስለ ስቴንለስ ዳኛ ሊሆን አይችልም። በዚህ እምነት የተነሳ ስንት ጥሩ ብረት ተጥሎ ስንት ደካማ ብረት በውድ ዋጋ እንደተገዛ በሥራዬ ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ስቴንለስ አንድ ብረት አይደለም፤ ብዙ ዓይነት አለው። ለምግብ ቤት የሚመረጠው 304 የሚባለው ነው፤ በውስጡ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለ። ኒኬሉ የብረቱን የውስጥ አደራደር ስለሚለውጠው ማግኔት አይስበውም። ላሜራው በኃይል ሲታጠፍ ግን በታጠፈበት ቦታ ያ አደራደር በከፊል ይቀየርና በትንሹ መሳብ ይጀምራል። የገንዳሽ ማዕዘን ማግኔት መያዙ ጉድለት አይደለም ማለት ነው። መደርደሪያሽ 430 ሳይሆን አይቀርም። እሱ ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ይዟል፤ ኒኬል ስለሌለው ዋጋው ይቀንሳል፤ ማግኔትም ሙሉ በሙሉ ይስበዋል። ጨውና እርጥበት ለማይበዛበት መደርደሪያ በቂ ነው፤ እውነተኛ ስቴንለስም ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። 201 የሚባል ዓይነት አለ፤ ከኒኬሉ ከፊሉ ማንጋኒዝ በሚባል ሌላ ብረት የተተካበት። ማግኔት አይስበውም፤ በዓይንም ከ304 አይለይም፤ ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ ሠሪው ማግኔት አስጠግቶ ማሳየቱ ምንም አላረጋገጠልሽም። ላሜራው ሳይቆረጥ በላዩ ወይም በተለጠፈበት ፕላስቲክ ላይ የታተመውን ቁጥር ማየት፣ ያንኑ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ፤ ገዢ ማድረግ ያለበት ይህን ነው። ቁጥሩን ለመጻፍ ከሚያቅማማ ሰው አትግዢ።

ወደ ነጠብጣቦቹ ልምጣ። ስቴንለስ የማይዝገው በላዩ ባለው ስስ ቆዳ ምክንያት ነው። በብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር፣ ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ቢቧጨር ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ በራሱ ይድናል። ዋናው ጠላቱ ክሎራይድ ነው፤ የገበታ ጨውም በረኪናም ውስጥ አለ። ሽፋኑን በአንድ ነጥብ ይበሳና ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህለው ከሥር ጥልቅ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። በረኪናው ሳይለቀለቅ ካደረ ውሃው እየተነነ ክሎራይዱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ እንኳን 201 ይቅርና 304ም አይችለውም። ሽቦው ደግሞ የብረት ብናኝ ትቶ ይሄዳል፤ የሚዝገው መጀመሪያ ያ ብናኝ ነው። ሽቦውን ከኩሽናው አስወጪ፤ በስፖንጅ ወይም በፕላስቲክ መፈግፈጊያ፣ የብረቱን መስመር ተከትለው ይጠቡ።

የብየዳው ጉዳይ የሠሪው ነው። ለ304 የሚገባው ኤሌክትሮድ (ሲበየድ የሚቀልጠው ዘንግ) 308ኤል የሚባለው ነው፤ ስቴንለስን ከተራ ብረት ጋር ለማያያዝ 309ኤል። ለበርና ለመስኮት በሚያገለግለው ተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ፣ የብየዳው መስመር ራሱ ይዝጋል። ኤሌክትሮዱ ትክክል ቢሆንም ሙቀቱ ዳርና ዳር ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ይተዋል፤ ከዚያ ቀለም ሥር ያለው ብረት ክሮሚየሙ የሳሳ ስለሆነ ተጠርጎ መውጣት አለበት። በእኔ ሥራ ቤት ለስቴንለስ ብቻ የተለየ ዲስክና የሽቦ ብሩሽ አለ። ረዳቶቼ ለተራ ብረት ሲያነሱት ካየሁ እቆጣለሁ፤ የተራ ብረት ፍንጣሪ ስቴንለስ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደንበኛው ቤት ሄዶ ይዝጋልና። እግሩን በምላጭ ጫር አድርገሽ ከሥሩ ያለውን ንገሪኝ።

የኬሚስትሪ መምህር

በያጁ ያሉት ትክክል ነው። ለተማሪዎቼ የምነግረውን ታሪክ ልጨምር። ፈረንሳዊው ፒየር በርትዬ ክሮሚየም ያለበት ብረት አሲድን እንደሚቋቋም የተገነዘበው እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር። በዘመኑ የሚሠራው ቅይጥ ግን ካርቦን ስለሚበዛበት በቀላሉ ይሰበር ነበር። በ1912 በጀርመን የክሩፕ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሽትራውስና ማውረር ክሮሚየምና ኒኬል ያለበትን ቅይጥ ሠሩ፤ የዛሬው 304 የዚያ ዘር ነው። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በሸፊልድ ከተማ ቶሎ የማያልቅ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲፈልግ 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት አቀለጠ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለማየት በአሲድ መነካት ነበረበት፤ አሲዱ ግን አልነካው አለ። ኮምጣጤና የሎሚ ጭማቂም አልጎዱትም፤ ቢላዋና ሹካ ለመሥራት ያሰበውም ያኔ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ዓሣው ላይ የሚጨመቀው ሎሚ ገንዳሽን ይጎዳል ብለሽ አትስጊ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ነጠብጣቡን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ለማስለቀቅ ከሞከርሽ በረኪና ከቶ አይቀላቀልበት። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤ መምህርም ተባረኩ። እግሩን ጫርኩት፤ ከብርማው ቀለም ሥር ተራ ቱቦላሬ ነው። በጣም ተናድጃለሁ። ዓሣ ቤት ግን ያለ በረኪና እንዴት ይሆናል? በጨው ለምናስቀምጠው ዓሣስ የስቴንለስ በርሜል ላሠራ?

የጨርቃ ጨርቅ ጥገና ባለሙያ

ስለ በርሜሉ እኔ ልመልስ። ጥጥ ስናቀልም ብዙ ጨው እንጠቀማለን፤ የማቅለሚያ ማሽኖቹ የሚሠሩት 316ኤል ከሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ነው። ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለው ክሎራይድን ከ304 በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ጨው ለረጅም ጊዜ ሲተኛበትም ፈጽሞ አይበሳም ማለት አይደለም። ለጨው ዓሣ ለምግብ የተፈቀደ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ግዢ።

በያጁ

እኔም በፕላስቲኩ እስማማለሁ። በረኪናውን መተው የለብሽም። መጀመሪያ ስቡና ደሙ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይውጣ፤ ሽታውን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን የቀጠነ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆይ፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይለቅለቅና በጨርቅ ይድረቅ። ሳይደርቅ ማደር የለበትም።

እግሩን በተመለከተ፣ በቃልሽ የተስማማሽው ሙሉ ስቴንለስ ከነበረ ሠሪው በራሱ ወጪ ይቀይርልሽ፤ ይህን በትሕትና ግን በጽኑ ጠይቂው። ተራ ብረትና ስቴንለስ እርጥበት ላይ ሲነካኩ ተራው ብረት ብቻውን ከሚዝገው ፈጥኖ ይበላል፤ መልሶ በቀለም መሸፈኑ አያዛልቅም። አልቀይርም ካለ ቱቦላሬው ይቆረጥ፤ የስቴንለስ ቱቦ በ308ኤል ይበየድ፤ የተቃጠለው ቀለምም ተጠርጎ ይውጣ። ገንዳውን ለጊዜው አትንኪው። አያያዙ ከተስተካከለ በኋላ ነጠብጣቡ ካልጨመረ ገና ያገለግልሻል፤ እየበዛ ከሄደ ወለሉን ብቻ በ304 ማስቀየር ይቻላል፤ ሲገዙ ቁጥሩን እዩት።