የጦር ጄት በአልጌ ዘይት፦ ያዋጣል ወይስ ብክነት ነው?

አስተባባሪ፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ይኸው። ጦር ሠራዊት ለአማራጭ ነዳጅ የሚያወጣው ገንዘብ ያዋጣል ወይ? ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ስላላችሁ የግብራችሁ ጉዳይ ነው። መነሻ እንዲሆነን፦ የአሜሪካ ባህር ኃይል በ2012 ሃዋይ አካባቢ ባደረገው ልምምድ ካገለገለ የምግብ ዘይትና ከአልጌ (ውኃ ውስጥ ከሚበቅል እጽዋት መሰል ነገር) የተሠራ ነዳጅ ተጠቀመ። 450,000 ጋሎን በ12 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። ከተራው ነዳጅ ጋር እኩል በእኩል ተደባልቆ በአውሮፕላን ተሸካሚዋ መርከብ ኒሚትዝ ላይ ላሉ ጄቶችና ለአጃቢ መርከቦቿ ተቀዳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። መሰዳደብ የለም።

ዳዊት፦ እስቲ አካፍሉት። ጋሎኑ ወደ 27 ዶላር ይመጣል። ያኔ ተራው 4 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ያውም ፔንታገን በጀት ቁረጥ በሚባልበት ሰዓት! የምክር ቤት አባሉ ራንዲ ፎርብስ ሬይ ሜበስን የባህር ኃይል ሚኒስትር እንጂ የኢነርጂ ሚኒስትር አይደለህም ያለው ለዚህ ነው። አልፈርድበትም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋምም በ2011 አማራጭ ነዳጅ ለጦሩ በቀጥታ የሚሰጠው ወታደራዊ ጥቅም የለም ብሏል።

ሰብለ፦ ዳዊቴ፣ የሙከራ ዋጋ ይዘህ አትሟገተኝ። በ2009 የመጀመሪያው የአልጌ ነዳጅ ሲታዘዝ ጋሎኑ 424 ዶላር ነበር። በሦስት ዓመት 27 ገባ። በ2016 የሌላዋ አውሮፕላን ተሸካሚ የስቴኒስ ቡድን ከሳን ዲዬጎ ሲነሳ አጃቢዎቹ የቀዱት፣ የከብት ሞራ ያለበት ድብልቅ፣ ጋሎኑ 2.05 ዶላር ነበር። ገዢ ሳያይ ፋብሪካ የሚተክል ማን አለ?

ዳዊት፦ ድብልቅ አልሽ፣ ጥሩ። ሞራው 10 በመቶ ነው! የቀረው ያው ፔትሮሊየም። አንድ ብርጭቆ ማር ጠብ አድርገው በርሜሉን ሙሉ ጠጅ አሉት። እሱም የግብርና ሚኒስቴር ድጎማ ገብቶበት ነው። አልጌውን ያመረተው ሶላዛይምስ? ስሙን ቀይሮ በ2017 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ደግሞ ይሄ ገዢ የምትይው ጦር ከአገሪቱ የነዳጅ ፍጆታ ድርሻው 2 በመቶ ቢሆን ነው።

የኔነህ፦ የዋጋው መዋዠቅስ? በበርሜል 1 ዶላር በተጨመረ ቁጥር ባህር ኃይሉ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ይጨምራል ይል ነበር ሜበስ። ሌላ ምንጭ መያዝ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ዳዊት፦ ባለሞራው ሞኝ መሰለህ? ነዳጅ ሲወደድ እሱም ይሰቅላል። ለሞተሩ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ገበያቸውም አንድ ነው።

ጋሽ ታምሩ፦ ልጆች፣ እኔ የጅቡቲ መስመር ቦቴ ነድቻለሁ። የነዳጅ ዋጋ ማደያ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። እስኪደርስ ያለው ወጪም አለ፣ ጦር ሜዳ ሲሆን ደግሞ ሰው አለ። በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጦር ጥናት አፍጋኒስታን ውስጥ በየ24 የነዳጅ ኮንቮይ አንድ ሰው ይሞታል ወይም ይቆስላል ይላል። ቦቴው የጫነው የአልጌ ይሁን የሳውዲ፣ ፈንጂው አይመርጥም። ስለዚህ ሰብለ፣ ያንቺ አልጌ ሾፌሩን አያድነውም። ዳዊት፣ አንተም ሁሉንም ባንድ ላይ አትጨፍልቅ። በ2010 የአሜሪካ ማሪኖች እዚያው አፍጋኒስታን ሳንጊን ላይ ሶላር ዘረጉ። ሁለት ትንንሽ ካምፖች ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ሠሩ። በሌላው ጄኔሬተሩ በቀን ይጠጣው የነበረ 20 ጋሎን ወደ 2.5 ወረደ። ኢራቅ ደግሞ ለድንኳን ኤሲ ይገጥሙ ነበር። ቅዝቃዜው በሸራው ውልቅ ይላል፣ ጄኔሬተሩ ሌት ተቀን ያጓራል። በኋላ ድንኳኑ ላይ ፎም (ሙቀት የሚከላከል አረፋ) ረጩበት፣ ፍጆታው ቀነሰ። ፎም ብቻ! ይሄም ገንዘብ ብክነት ነው?

ሰብለ፦ የድንኳኑስ እሺ ጋሼ። ጄቱንም በሶላር ሊያበሩት ነው? ኒሚትዝንስ?

የኔነህ፦ ሰቡ፣ ኒሚትዝ እኮ ኒውክሌር ናት። አልጌ አትቀምስም።

ሰብለ፦ ኒውክሌሩስ ሲጀመር ርካሽ ነበር? ቸርችል የእንግሊዝን መርከቦች ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ያዞረው እኮ አገሩ ከሰል ሞልቷት፣ ዘይት ሳይኖራት ነው። ያኔም እንዳንተ ያለ ሒሳብ ያዥ አይጠፋም።

ዳዊት፦ ዘይቱ መርከቧን አፈጠናት። ኒውክሌሩ ሰርጓጅ መርከቧን ለሳምንታት ውኃ ውስጥ አቆያት። አልጌው ምን ጨመረ? ያው ፍጥነት፣ ያው ርቀት። ሞተሩ ልዩነቱን እንዳያውቀው ታስቦ የተሠራ ነዳጅ እኮ ነው!

አስተባባሪ፦ ድምፅ መስጫው ተከፍቷል። ጋሽ ታምሩ ባሉት መሠረት ለሁለት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ ለመርከብና ለጄት የሚገዛ ባዮፊዩል፣ ማለትም እንደ አልጌና ሞራ ካለው የሚሠራ ነዳጅ። ሁለተኛ፣ ለካምፕ የሚገዛ ሶላርና ፎም።

ዳዊት፦ ሁለተኛውን አዎ ብያለሁ። አንደኛውን ዋጋው ከተራው እኩል ሲሆን ጥሩኝ። ኮንግረሱም በኋላ በገፍ ለሚገዛው ያለው ይህንኑ ነው።