የክርስቲያን ልጆች ካምፕ ለምን የአንድ መደብ ልጆች መሰብሰቢያ ይሆናል?

መዝጋቢዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምዝገባውን የያዝኩት በትምህርት ዕረፍት አንድ ሳምንት ለሚቆይ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ 60 ልጆች ለታሰበ መንፈሳዊ ካምፕ ነው። ማስታወቂያው «ለሁሉም ልጅ ክፍት» ይላል፤ መክፈል ለማይችሉም 6 ነጻ ቦታ ተይዟል። ምዝገባው ሲታይ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጆች ከሦስት ውድ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከ6ቱ ነጻ ቦታዎች የተያዘው 1 ብቻ ነው። ማንም አልተከለከለም፤ ውጤቱ ግን ከተከለከለ አይለይም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን ሆን ብለው የሠሩበት ታሪክ አለ ይባላል፤ ምክንያታቸው ምን ነበር? ሁለተኛ፣ ከምዝገባ እስከ መኝታ ድልድል በተግባር ምን ምን ይለወጥ? «ፍቅር ይብዛላችሁ» የሚል መልስ በቂ አለኝ።

የታሪክ ተማሪ

የታወቀው ምሳሌ እንግሊዝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢ. ጄ. ኤች. ናሽ የተባለ የአንግሊካን ቄስ («ባሽ» እያሉ ይጠሩታል) በ1932 የስክሪፕቸር ዩኒየን (መጽሐፍ ቅዱስን ለልጆች የሚያስተምር ድርጅት) ሠራተኛ ሆኖ ለወንዶች ልጆች ካምፕ ማዘጋጀት ጀመረ። ከ1940 ጀምሮ ካምፑ ዶርሴት ውስጥ ዩዌርን ሚንስተር በሚባል መንደር ባለው የክሌስሞር ትምህርት ቤት ሰፈረ፤ «የዩዌርን ካምፕ» የሚለው ስምም ከመንደሩ መጣ። የሚጋበዙት ከጥቂት ስመ ጥር «ፐብሊክ ስኩሎች» ብቻ ነበር። በእንግሊዝ ይህ ስም የሕዝብ ትምህርት ቤት ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ከፍተኛ ክፍያ ያለባቸው፣ አብዛኞቹ አዳሪ የሆኑ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው።

የናሽ ስሌት ቀላል ነበር። ነገ ሚኒስትር፣ ዳኛ፣ ጳጳስና የጦር አዛዥ የሚሆኑት ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ይወጣሉ፤ እነሱን ዛሬ ካመጣን አገሩ በሙሉ ይከተላል። በራሱ መለኪያ ተሳክቶለታል። በ1938 በረግቢ ትምህርት ቤት ናሽ ወደ እምነት የመለሰው ጆን ስቶት ኋላ በዓለም ከታወቁት የወንጌላውያን መሪዎች አንዱ ሆኗል። ከላይ ካፈሰስነው ታች ይደርሳል የሚለው ክፍል ግን ሌላ ነው። ካምፑ ያፈራቸው መሪዎች ለሚቀጥለው ካምፕ ልጅ ሲመለምሉ የተመለሱት ወደዚያው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ውሃው ወደ ታች አልፈሰሰም፤ በዚያው ኩሬ ዞረ።

አሠራሩን አስተውሉ። በሩ ላይ «ድሃ አይገባም» የሚል ጽሑፍ አልነበረም፤ አያስፈልግምም። መግቢያው በግል ግብዣ ነው። መሪዎቹ «ኦፊሰር»፣ አለቃው «ኮማንዳንት» ይባላሉ፤ አንዱ ጎበዝ ልጅ አድጎ ኦፊሰር ይሆንና ታናሹን ይጋብዛል።

የሚገርመው ሥሩ ሌላ መሆኑ ነው። ስክሪፕቸር ዩኒየን የተወለደበት የልጆች አገልግሎት በ1867 የተመሠረተ ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት ጆሳያ ስፓየርስ በዌልስ ላንዲድኖ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብሎ ጽፎ በአካባቢው የነበሩ ልጆች ፊደሎቹን በዛጎልና በባሕር ሣር እንዲያስጌጡ አደረገ። ያለፈ ሁሉ ይቀላቀል ነበር። በእርግጥ በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ሄዶ መዝናናትም አቅም ይጠይቃል። ያም ሆኖ ዝርዝር ይዞ የሚጠብቅ በረኛ አልነበረም።

ድንኳን ተካይ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። እኅቴ፣ ችግሩ ክፍያው ላይ አይጀምርም። መጀመሪያ ይህን ፈትሹ፦ ማስታወቂያው በማን በኩል ሄደ? መሪዎቹ ልጆቻቸውን በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የወላጆች የቴሌግራም ቡድን ከሄደ፣ 60 ቦታ በሁለት ቀን ይሞላል። ሌላው ወላጅ የሚሰማው ሲዘጋ ነው። «ቀድሞ የመጣ ይቅደም» ፍትሐዊ ይመስላል፤ የሚሸልመው ግን ወሬውን ቀድሞ የሰማውን ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ከ60ው 20 ቦታ ከመጀመሪያው ለሌላ መንገድ ይቀመጥ፦ ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለሌሎች ሰፈሮች አጥቢያዎች፣ ለሕፃናት ማሳደጊያዎች። እነዚህ ላኪዎች ማስታወቂያውን ከሌላው ሁሉ 3 ሳምንት ቀድመው ያግኙ። ያልተሞላ ቦታ ወደ ጠቅላላው የሚመለሰው ካምፑ 3 ሳምንት ሲቀረው ብቻ ይሁን። ለቀሪው 40 ምዝገባው ለ14 ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይና ከሞላ በዕጣ ይለይ። ቅጹ በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ግማሹን ወላጅ አጣችሁ ማለት ነው፤ ወረቀትም ይኑር፣ በስልክ የሚሞላ ሰውም ይመደብ።

ለምን 20? ከ60 ልጆች 3 ወይም 4 ብቻ ከሌላ ኑሮ ቢመጡ እንግዳ ይሆናሉ፤ ያሳዝናሉ ወይም ያስገርማሉ። ሲሶ ሲሆኑ ግን የካምፑ ወግ ራሱ ይለወጣል። 20 ማምጣት ካልተቻለ 3 ከማምጣት ሌላ ዓመት መጠበቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙ ሰው አይስማማኝም።

ቀጥሎ የዕቃ ዝርዝር። ለልጅ ካምፕ የወጣ የ30 ዕቃ ዝርዝር ሁለተኛ ክፍያ ነው። የእግር ጉዞ ጫማ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ ብቻ ሲደመሩ ከካምፑ ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ዝርዝሩ ከ12 አይለፍ፤ ሁሉም ከቤት የሚገኝ ይሁን። ስሊፒንግ ባግና ባትሪ ካምፑ ያቅርብ፤ ለሌለው ብቻ ሳይሆን ለ60ውም። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ «የሌላችሁ ከመጋዘን ውሰዱ» ሲባል በመጀመሪያው ምሽት ማን ከየት እንደመጣ በአልጋው ይታወቃል።

የኪስ ገንዘብም እንዲሁ። ካምፑ ውስጥ ሱቅ ካለ ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል ሒሳብ ተከፍቶ ከጠቅላላው ክፍያ ይነሣ፤ ጥሬ ገንዘብ በእጅ አይያዝ። ስልክ መጀመሪያ ቀን ይሰብሰብ፤ ለትኩረት ብቻ ሳይሆን ስልኩ ራሱ የቤተሰብ አቅም መለያ ስለሆነ ነው።

የመኝታ ድልድል፦ በ6 ሰው ክፍል ከአንድ ትምህርት ቤት ከ2 ልጅ አይብለጥ። ቅጹ ላይ «አብሮህ እንዲያድር የምትፈልገውን አንድ ጓደኛ ጻፍ» ይበል፤ ያ አንድ ይከበርለት። ሁለት ስም ከተፈቀደ የሦስት ሰንሰለቶች ተያይዘው ክፍሉ በአንድ ትምህርት ቤት ይሞላል፣ ድልድሉም ፈረሰ። ማንም የማያውቅ ልጅ በክፍሉ ብቸኛ አዲስ እንዳይሆን ቢያንስ ከሌላ አንድ አዲስ ጋር ይመደብ።

መጓጓዣ፦ ሁሉም ከአንድ ቦታ በአንድ አውቶቡስ ይሂድ፣ ዋጋው በክፍያው ውስጥ ይካተት። በግል መኪና ማድረስ ከተፈቀደ የመጀመሪያው ሰዓት የመኪና ትርዒት ይሆናል። በሳምንቱ መሐል የወላጅ ጉብኝት ቀንም ባይኖር እመርጣለሁ። ያልተጎበኘው ልጅ ያን ቀን አይረሳውም።

ገንዘብ ያዥ

ስለ 6ቱ ነጻ ቦታዎች፦ አንድ ብቻ መያዙ አይግረማችሁ። «ነጻ ቦታ» የሚለውን የሚወስድ ወላጅ አስቀድሞ ድሃ ነኝ ብሎ መፈረም አለበት። የድጋፍ ደብዳቤ ከተጠየቀ ደግሞ አበቃ፤ ይሉኝታ ያለው ሰው ልጄ ሰሞኑን አሞታል ብሎ ይቀራል።

የሚሠራው ሦስት ዋጋ ነው። ሦስቱም በአንድ መስመር፣ በአንድ መጠን ፊደል ይጻፉ፤ ማስረጃ አይጠየቅ። የአንድ ልጅ እውነተኛ ወጪ 100 ነው እንበል፤ ለ60 ልጅ 6000 ማለት ነው። ዋጋዎቹ 130፣ 100 እና 40 ይሁኑ። 24 ወላጅ 130 ቢመርጥ 3120፣ 21 ወላጅ 100 ቢመርጥ 2100፣ 15 ወላጅ 40 ቢመርጥ 600 ይመጣል። ድምሩ 5820 ነው። የጎደለው 180፣ ከጠቅላላው 3 በመቶ ነው። ይህን ያህል በስጦታ መሙላት ይቻላል።

የሚበላሸው የት ነው? ከ24ቱ 6ቱ ወደ 100 ቢወርዱ ጉድለቱ ወዲያው 360 ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛው ወጪ 100 መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ 130 የሚከፍል ሰው 30ው ለሌላ ልጅ እንደሚውል ይወቅ። ይህ ሳይጻፍ ሲቀር 130ው ጭማሪ፣ 100ው ትክክለኛ ዋጋ ይመስልና ሁሉም ወደ መሐል ይሰበሰባል። የጉድለት ጣሪያም አስቀድሞ ይወሰን፦ ለምሳሌ ከ10 በመቶ፣ ማለትም ከ600 በላይ ከሆነ ከጉዞ ፕሮግራሙ አንዱ ይሰረዛል እንጂ የ40ው ቦታ አይቀነስም።

ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ ከመረጡት ዋጋ 10 በመቶ፤ ቀሪው በ3 ጊዜ ይከፈል። ቀብድ የማይመለስ ከሆነ በወር ገቢው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አይደፍርም።

ማን ስንት እንደከፈለ የሚያውቁት መዝጋቢዋና ገንዘብ ያዡ ብቻ ይሁኑ። ለክፍል መሪዎች የሚሰጠው ዝርዝር ላይ የክፍያ ረድፍ ባዶ ሆኖ እንኳ አይታይ። 40 የከፈለ ልጅ በልዋጩ ሳህን እንዲያጥብ ማድረግ፣ ወይም ፎቶውን ለለጋሾች መላክ ደግሞ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው። ሳህን ሁሉም በተራ ይጠብ።

ሰሜን ኮከብ

ሁሉም ስለተስማማ ልቃወም። የሀብታም ልጅም ነፍስ አለው። አዳሪ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ በዓመት ብዙ ወር ከወላጁ ተለይቶ ይኖራል፣ ብቸኝነቱ የራሱ ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ለብቻ ካምፕ ሲዘጋጅ ማንም አድሎ አይልም። ለእነዚህስ ለምን ይባላል?

የታሪክ ተማሪ

@ሰሜን ኮከብ ጥሩ ነጥብ ነው፤ መለኪያው ግን አለ። ከውጭ ያለ ልጅ «እኔስ ልምጣ?» ቢል ምን ብለህ ትመልሰዋለህ? መስማት ለተሳናቸው በተዘጋጀው «እዚህ የምንነጋገረው በምልክት ቋንቋ ነው» ትላለህ፣ አታፍርም። በናሽ ዓይነት ካምፕ መልሱ «አንተ ነገ አገር አትመራም» ነው። ይህን ፊቱ ላይ የሚናገር ስለሌለ ግብዣው በሹክሹክታ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ደኅንነት ነው። ለዩዌርን ካምፖች ገንዘብ ያቀርብ የነበረው ትረስት (የበጎ አድራጎት ተቋም) ሊቀ መንበር የነበረው ጠበቃ ጆን ስማይዝ በካምፖቹ በኩል ያወቃቸውን ወጣቶች ክፉኛ ይገርፍ ነበር። በ1982 የውስጥ ሪፖርት ተጻፈ፤ ለፖሊስ ግን አልተሰጠም። ሰውየው በ1984 ወደ ዚምባብዌ ሄዶ እዚያም የወንዶች ልጆች ካምፕ አቋቋመ። ጉዳዩ በቴሌቪዥን የወጣው በ2017 ነው፤ እሱም ለፍርድ ሳይቀርብ በ2018 ሞተ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩ እንዲጣራ ያዘዘችው የማኪን ግምገማ ኖቬምበር 7 ቀን 2024 ወጣ፣ ከአምስት ቀን በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሪ፣ የወቅቱ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ እንደሚለቁ አስታወቁ። መደብ ብቻውን ይህን አመጣ አልልም። ነገር ግን መሪው፣ ወላጁ፣ የትረስቱ አባልና የትምህርት ቤቱ አለቃ ሁሉም ሲተዋወቁ፣ የሰማ ሰው የሚያስበው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ስማችን ነው።

በተቃራኒው ሆን ብሎ የመቀላቀል ሙከራም ነበር፣ ምንም እንኳ የቤተ ክርስቲያን ካምፕ ባይሆን። የዮርክ መስፍን (ኋላ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ) ከ1921 እስከ 1939 በየዓመቱ ገደማ ለአንድ ሳምንት 400 ወጣቶችን ይሰበስብ ነበር፦ 200 ከፐብሊክ ስኩሎች፣ 200 ከፋብሪካዎች። ግማሽ በግማሽ መሆኑን ልብ በሉ፤ ድንኳን ተካይ ያለው ሲሶ ከዚያም ያንሳል። ቡድኖቹ የተቀላቀሉ ነበሩ፤ ጨዋታዎቹም ማንም አስቀድሞ ያልተለማመዳቸው፣ ለካምፑ የተፈለሰፉ ነበሩ። ቴኒስ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው ከመጀመሪያው ይታወቃል። ድክመቱ ሳምንቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደየመደቡ መመለሱ ነበር።

መዝጋቢዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጨዋታው ነገር ጭራሽ አልታሰበም ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ዋናና ፈረስ ግልቢያ አለ። አንድ ቀረኝ፦ መሪዎቹ 12 ናቸው፣ 11ዱ ከነዚያው ትምህርት ቤቶች የወጡ። በነጻ ነው የሚያገለግሉት።

ድንኳን ተካይ

በነጻ ስለሚያገለግሉ ነው እንዲያ የሆነው። የአንድ ሳምንት ደመወዝ ማጣት የሚችል ሰው ብቻ ይመጣል። ከ12ቱ ለ4ቱ የቀን አበልና ትራንስፖርት መድቡ፤ ገንዘብ ያዡ ባወጣው ሒሳብ ላይ እንደ ወጪ ይግባ እንጂ ከስጦታ የሚለመን አይሁን። 4ቱ እንደ 20ዎቹ ልጆች ከላኪዎቹ በኩል ይምጡ፣ የቀድሞ ታሪካቸውና ምስክራቸው እንደ ሌሎቹ ይጣራ፣ በየክፍሉም ከነባሮቹ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመደቡ። አንዱ የጥቆማ ተቀባይ ይሁን፤ የሌሎቹ መሪዎች ዘመድም የትምህርት ቤት ጓደኛም ያልሆነ። የስልክ ቁጥሩ በየመኝታ ክፍሉ በር ውስጠኛ ጎን ይለጠፍ።

ፈረሱን ሰርዙት። ዋናው ይቆይ፣ ግን ውድድር አይሁን፤ መጀመሪያ ቀን ሁሉም ልጅ በጥልቀት እስከ ደረቱ በሚደርስ ውሃ ይፈተንና መዋኘት የማይችሉት በሌላ ቀለም ኮፍያ ሳይለዩ በአንድ አሠልጣኝ ሥር ይመደቡ። ኮፍያውን ያነሣሁት ብዙ ካምፕ እሱን ስለሚያደርግ ነው። የደኅንነት ምልክት ካስፈለገ ዝርዝሩ በአሠልጣኙ እጅ ይያዝ፣ የእያንዳንዱ ቡድን መጠንም ከ6 ልጅ አይብለጥ።