ኦስሞሲስን በወጥ ቤት ሚዛን እንዴት ልለካ?

ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ኦስሞሲስን፣ ማለትም ውኃ በሴል ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት ወገን መሄዱን፣ በቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ። በእጄ ያለው ከአዊ የመጣ ድንች፣ ጨው፣ ማስመሪያና ከ1 ግራም በታች የማያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ነው።

ድንቹን 5 ሴንቲ ሜትር እያስረዘምን ቆርጠን ከፊሉን በንጹሕ ውኃ፣ የቀረውን በሊትር 10፣ 20 እና 50 ግራም ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ አሳደርነው። ልዩነቱን እጅ ይመሰክራል፤ ከንጹሕ ውኃ የወጣው ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ የ50 ግራሙ ግን ጣት ላይ እንደ ጠፍር ይጠመዘዛል። ቁጥር ስፈልግ ነው ጉዱ። አንዱ ቁራጭ ጥቂት ግራም ብቻ ስለሚመዝን ለውጡ ሚዛኑ ላይ አይታይም። ቁራጮቹን በአንድ ላይ ስመዝን ደግሞ ላያቸው ላይ የቀረው ውኃ ያሳስታል፤ በሶፍት ሲያደርቁ አንዱ ተማሪ ይጫናል፣ ሌላው ዳበስ አድርጎ ይተወዋል። በማስመሪያም ሞከርሁ፤ የ10 ግራሙ አንዴ ረዝሞ፣ አንዴ አጥሮ ይገኛል።



ሌላ ሚዛን ሳልገዛ፣ ድንቹ ውኃ የማያስገባበትንና የማያስወጣበትን የጨው መጠን በምን ዘዴ ለይቼ ላሳይ?