ክርክር፦ የዲበገር ኮንፊገሬሽን አንድ ቦታ ይሰብሰብ ወይስ በየፋይሉ ይቆይ?

ጥያቄውን ያነሳው፦ ዲበገር የሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያይ መሣሪያ ነው። ለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በር ሊከፍትለት ይገባል። ሊኑክስ ላይ በሩ ፒትሬስ ነው። ዊንዶውስ የራሱ አለው፣ ማክም የራሱ። ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ደግሞ ሬጅስተሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የመረጃ መያዣዎች) ይለያሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥምረት የትኞቹ ፋይሎች ኮምፓይል እንደሚደረጉ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ኮድ እንደሚቀየሩ) የሚናገር ኮንፊገሬሽን ያስፈልጋል።

ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር ለብዙ ዓመታት ለየማሽኑ ዓይነት አንዳንድ ትንሽ የኮንፊገሬሽን ፋይል ነበረው። በ2017 አብዛኞቹ ተሰርዘው ይዘታቸው ወደ አንድ ስክሪፕት ገባ። ሌሎች ዲበገሮችም እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ሊኑክስ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ፋይል ሲጨመር በየማሽኑ እየዞሩ መጻፍ ድካም ብቻ አይደለም። አንዱ ይረሳል። የተረሳው ማሽን ላይ ሊንክ ሲደረግ፣ ማለትም ኮምፓይል የሆኑት ፋይሎች ሲገጣጠሙ፣ ይሰበራል፣ ያም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

የቆዩ ማሽኖችን የሚንከባከበው፦ ወንድሜ፣ ድግግሞሹ እኔንም ያሰለቸኛል። ግን ያቺ ትንሽ ፋይል ትልቅ ጥቅም ነበራት። ስከፍታት የማሽኔ ጉዳይ ሁሉ እዚያው አለ። አሁን መጀመሪያ በሲስተም፣ ከዚያ በፕሮሰሰር የተከፋፈለ ረጅም ስክሪፕት ውስጥ መንገዴን መፈለግ አለብኝ። ደግሞ የጋራውን መስመር የሚነካው ሰው የእኔ ዓይነት ማሽን የለውም። ድሮ ቢሳሳት የሚያበላሸው የራሱን ነበር።

አዲስ ገቢዋ፦ እኔ ኮዱን ማንበብ ከጀመርኩ ገና ነው። ለምንድነው የሲስተሙን ስም የምንጠይቀው? «ይህ ተግባር አለ ወይ?» ብለን ብንፈትሽ የስም ዝርዝሩ ግማሽ አይቀርም?

የቆዩ ማሽኖችን የሚንከባከበው፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቦታም ይሠራል። የደረሰብኝን ግን ልንገርሽ። ሬጅስተሮችን በስብስብ የሚያነበው የፒትሬስ ጥያቄ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2010፣ በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) ቨርዥን 2.6.34 ነው። ኮምፓይል ያደረግኩበት ማሽን ሄደር (ሲስተሙ የሚቀበላቸውን ጥያቄዎች ስም የሚዘረዝረው ፋይል) ውስጥ ስሙ ነበር። ዲበገሩ የሚሠራበት ማሽን ከርነል ግን ከዚያ ያረጀ ነው። ፍተሻው «አለ» አለኝ፤ ስንጀምር የለም። እንዲህ ያለውን ዲበገሩ ራሱ፣ ሥራ ላይ እያለ ሞክሮ ማወቅ አለበት። ለሌላ ፕሮሰሰር ኮምፓይል ስታደርጊ ደግሞ የፍተሻ ፕሮግራሙን እዚያው ማስኬድ አትችይም።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ይህን እቀበላለሁ። ግን ሁለት ነገር አናምታታ። ጂዲቢን ሁሉንም ታርጌት (የሚመረመረው ፕሮግራም የሚሠራበትን የማሽን ዓይነት) እንዲይዝ አድርጎ ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ የታርጌቱ ኮድ ቢያንስ ኮምፓይል መደረጉን በአንድ ላፕቶፕ ማየት ይቻላል። የሚያስፈራው ኔቲቭ የሚባለው፣ ዲበገሩ ባለበት በዚያው ማሽን ላይ የሚሠራን ፕሮግራም የሚመረምረው ክፍል ነው። እሱ የሲስተሙን የራሱን ሄደር ስለሚፈልግ ሄደሩ በሌለበት ቦታ ኮምፓይል አይደረግም። ስጋትህ እዚያ ላይ እውነት ነው።

ቢልድ ላይ የምትሠራው፦ ማሽኑ ባይኖረንም እኮ መፈተሽ እንችላለን! ኮንፊገሬሽኑ በመጨረሻ የሚሰጠው የፋይሎች ዝርዝር ነው። ለውጡን ከማስገባታችን በፊት ስክሪፕቱን በየፕላትፎርሙ ስም እያስኬድን ዝርዝሩን እናስቀምጥ። ከለውጡ በኋላ ደግመን እናስኬድና እናነጻጽር። አንድ ስም እንኳ ከጎደለ ወይም ከተጨመረ ሥራው አላለቀም። በዚያው ማንም ኮምፓይል የማያደርጋቸውን ሲስተሞች ብናወጣቸው ግማሹ ኮድ ይቀላል።

የቆዩ ማሽኖችን የሚንከባከበው፦ ማነጻጸሩን ወድጄዋለሁ፣ ከልቤ ነው። የፋይል ስም ብቻ ግን አይበቃም፤ ለኮምፓይለሩ የሚሰጡት አማራጮች (ፍላጎች) እና የሚገቡት ላይብረሪዎችም ይነጻጸሩ። የድሮዎቹ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ኮሜንቶችም አብረው ይሂዱ። «ይህ ፋይል ከዚያኛው በፊት ይምጣ» የሚል አንዲት መስመር የሰው የአንድ ሳምንት ልፋት ልትሆን ትችላለች። ማውጣቱን ግን አልስማማበትም። ማንም ስላልጮኸ ማንም አይጠቀምም ማለት አይደለም። አሮጌ ሲስተም ላይ ያለ ሰው አዲስ ቨርዥን የሚሞክረው አልፎ አልፎ ነው።

ቢልድ ላይ የምትሠራው፦ እሺ፣ እሱን ቸኩዬበታለሁ። ግን ኮምፓይል መደረጉን ማንም የማያረጋግጠውን ኮድ እስከ መቼ እንሸከም?

ጥያቄውን ያነሳው፦ ማሰባሰቡንና ማውጣቱን በአንድ ፓች (በአንድ የኮድ ለውጥ) አንቀላቅላቸው። የማሰባሰቡ ፓች አንድም ፕላትፎርም አይቀንስ፣ ዝርዝሩም አንድ ዓይነት ይውጣ። ማውጣት ካስፈለገ ለብቻው ይቅረብ፣ አንድ ቨርዥን ቀድሞም ይነገር። በዚያ መሀል «እኔ እጠብቀዋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ይቆያል።

የቆዩ ማሽኖችን የሚንከባከበው፦ እንዲህ ከሆነ የእኔን ሁለት ማሽኖች ዝርዝር ዛሬ ማታ አውጥቼ እልካለሁ።